ወፏ ኮምፓሷን ዓይኗ ውስጥ ይዛ ትዞራለች

ባለፈው እትም ከክረምት በኋላ ወደ አገራችን ስለሚመጡ ስደተኛ ወፎች ጥቂት ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሆኗል። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ እነዚህ ወፎች መንገዱን በምን ያውቁታል? የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የ9 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "ወፎች ማግኔትን በዓይናቸው ያያሉ" አለችኝ። እኔ ማግኔት የማውቀው ብረት ሲስብ ነው። ወፍ ውስጥ ብረት አለ እንዴ? ወይስ ልጄ አጣማ ሰምታ ነው? ላስረዳት ፈልጌ አቃተኝ።
እናት፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ በደንብ ነው የሰማችው። የሚገርመው ደግሞ ይህ ታሪክ የጀመረው እዚያው እርስዎ ያሉበት ከተማ ነው።

በ1960ዎቹ ፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍሪድሪሽ ሜርከልና ተማሪው ቮልፍጋንግ ቪልችኮ ሮቢን የምትባለውን ወፍ ያጠኑ ነበር። መናፈሻ ውስጥ አይተዋት ይሆናል። ፊቷና ደረቷ ብርቱካናማ፣ ድቡልቡል ያለች፣ ሰው ብዙም የማትፈራ ትንሽ ወፍ ናት። ክብደቷ አራት ወይ አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢያህል ነው። የሰሜን አውሮፓ ሮቢኖች ብርድ ሲገባ ወደ ሜዲትራኒያን አካባቢ ይወርዳሉ። የሚበሩት ሌሊት ነው፣ ያውም እያንዳንዷ ለብቻዋ። እናት አትመራትም፣ የምትከተለው መንጋም የላትም። በዚያው ዓመት የተፈለፈለች ጫጩት እንኳ መንገዱን ራሷ ታገኘዋለች።

የጉዞው ወቅት ሲደርስ ኬጅ ውስጥ ያለች ሮቢን ማታ ማታ እንቅልፍ ታጣለች። ትዘላለች፣ ክንፏን ታርገበግባለች፣ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። ዝላይዋ ግን ወደ አገኘችው አቅጣጫ አይደለም፣ መሄድ ወደምትፈልግበት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን መቅበጥበጥ መለኪያ አደረጉት። በኋላ ላይ አሜሪካዊው ስቲቨን ኤምለን ቀላል ዕቃ ሠራለት። ዘይት ወደ ጠርሙስ ስንገለብጥ አፉ ላይ የምንሰካውን ዕቃ ያስቡ፣ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ። እሱኑ በትልቁ ያድርጉት። ወፏን ታች ያስቀምጧታል፣ ዙሪያውን ጭረት በሚይዝ ወረቀት ይለብጡታል፣ ላዩን ይከድኑትና መብራቱን ደብዘዝ አድርገው ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉዋታል። ወፏ ወደ ላይ ስትዘል ጥፍሯ ወረቀቱን ይጭረዋል። ከእነዚህ ወረቀቶች የአንዱን ፎቶ አይቼ ለረጅም ጊዜ ከዓይኔ አልጠፋም። አንደኛው ወገን ላይ ጭረቱ ተደራርቦ ጠቁሯል፣ ተቃራኒው ወገን ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። የሌሊቱ ናፍቆቷ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተቀምጧል።

ፍራንክፈርት ላይ የታየው ይህ ነው። ፀሐይም ኮከብም በማይታይበት ክፍል ውስጥ ሮቢኖቹ ትክክለኛ አቅጣጫቸውን ያዙ። መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት፣ ጉልበቷ የሚዘረጋበትን ክልል የማግኔት መስክ ይሉታል። ከዚያ በኬጁ ዙሪያ የመዳብ ሽቦ ጠምጥመው፣ ኤሌክትሪክ ለቀውበት፣ የማግኔት መስኩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዞሩት ወፎቹም አብረው ዞሩ። ሌላ የተቀየረ ነገር አልነበረም።

በ1972 ቮልፍጋንግና ባለቤቱ ሮስቪታ ቪልችኮ ከዚህ የበለጠ የሚገርም ነገር አወጡ። የእኛ ኮምፓስ መርፌ ሰሜንን ከደቡብ ይለያል፣ የወፏ ግን አይለይም። ወፏ የምታየው የመስኩ መስመር ከመሬት ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ነው። ፍራንክፈርት ላይ መስመሩ ከአግድም 65 ዲግሪ ገደማ ወደ መሬት ይሰምጣል። ወፏ የሰመጠበትን ወገን "ወደ ዋልታ" ብላ ትይዘዋለች፣ ሌላውን "ወደ ምድር ወገብ" ብላ። ሰሜንና ደቡቡን ሳይነኩ መስመሩ የሚሰምጥበትን ወገን ብቻ ሲገለብጡባት ወፏ ፊቷን አዞረች። ይቺን ነገር ይያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሌላም ነገር ነበር። በ1990ዎቹ ወፎቹን በተለያየ ቀለም ብርሃን ሲፈትኗቸው በሰማያዊና በአረንጓዴ ብርሃን አቅጣጫቸውን አገኙ፣ በቀይ ብርሃን ግን ጠፋባቸው። ብረት ቢሆን ብርሃኑ ቀይ ሆነ ሰማያዊ ምን አገባው? ኮምፓሱ ብርሃን ይፈልጋል ማለት ነው። ልጅዎ "በዓይናቸው" ያለችው ከዚህ የመጣ ነው።

እንግዲህ ወደ ሞለኪውሉ እንግባ። ክላውስ ሹልተን የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1978 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የወፏ ኮምፓስ መርፌ ሳይሆን ኬሚካዊ ሂደት ነው አለ። በ2000 ደግሞ ከቶርስተን ሪትዝ ጋር ሆኖ ሂደቱ የት ሊካሄድ እንደሚችል ጠቆመ። ክሪፕቶክሮም የሚባል ፕሮቲን ውስጥ። ይህ ፕሮቲን መጀመሪያ የታወቀው ዕፅዋት ሰማያዊ ብርሃን የሚለዩበት ሆኖ ነው። በወፎች ዓይን ውስጥ ከአንድ በላይ ዓይነት አለ፣ አሁን ትኩረት የሳበው ክሪፕቶክሮም 4 ነው።

ፕሮቲኑ ጉያው ውስጥ ኤፍኤዲ የሚባል ቢጫ ሞለኪውል ሸጉጦ ይዟል። ከእሱ አጠገብ ጀምሮ እስከ ፕሮቲኑ ዳር ድረስ ትሪፕቶፋን የሚባሉ አራት አሚኖ አሲዶች ተደርድረዋል። ሰማያዊ ብርሃን ኤፍኤዲን ሲመታው አንድ ኤሌክትሮን ያስፈልገዋል። ከጎረቤቱ ትሪፕቶፋን ይበደራል። ጎረቤቱ በተራው ይጎድልበትና ከሚቀጥለው ይበደራል፣ ያኛውም ከቀጣዩ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዕዳው ዳር ያለው ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ ብድር የሚጠናቀቀው በቢሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ አብረው የነበሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች ተለያይተዋል ማለት ነው። አንዱ ኤፍኤዲ ጋ፣ አንዱ ዳር ያለው ትሪፕቶፋን ጋ።

ኤሌክትሮን በራሱ ትንሽዬ ማግኔት ነው። ይህን ጠባዩን ስፒን ይሉታል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ሲጣመሩ ስፒናቸው ተቃራኒ ይሆናል፣ ልጅ ሆነን ከወንድም ወይ ከእህታችን ጋር አንድ አልጋ ላይ ራስና እግር ሆነን እንደምንተኛው። አሁን ተለያይተዋል፣ ግን ራስና እግር መሆናቸውን ገና አልረሱም። በዙሪያቸው ያሉት የሃይድሮጅንና የናይትሮጅን ኒውክለሶችም ትናንሽ ማግኔቶች ናቸውና ይጎነትሏቸዋል። በዚህ ጊዜ ጥንዱ ከራስና እግር ወደ ራስ ለራስ፣ ተመልሶ ወደ ራስና እግር ይገላበጣል፣ በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ። የመሬት ማግኔት ጣልቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፕሮቲኑ ለመሬት መስክ በምን ማዕዘን እንደዞረ ይህን መገላበጥ በጥቂቱ ይቀይረዋል። ራስና እግር ሆኖ የተገኘ ጥንድ ተመልሶ ተገናኝቶ ዕዳውን መዝጋት ይችላል። ራስ ለራስ የሆነው ግን አይችልም፣ ፕሮቲኑም ሌላ መልክ ይይዛል። ምልክት ያስተላልፋል ተብሎ የሚታሰበው ያ ሌላ መልክ ነው። ስለዚህ እንደ ማዕዘኑ ምልክቱ ይበዛል ወይ ያንሳል።

አሁን ያቺን ይያዙልኝ ያልኩዎትን ነገር ያስታውሱ። እንዲህ ዓይነቱ ሂደት ሰሜንን ከደቡብ መለየት አይችልም። መስመሩ እንዴት እንደተዘረጋ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቪልችኮዎቹ በ1972 ወፏ ላይ ያዩት ይህንኑ ነበር! አንዱ ወገን ወፍ ኬጅ ውስጥ አስገብቶ ጭረት ሲቆጥር፣ ሌላው ወገን ወረቀት ላይ ቀመር ሲጽፍ፣ ሁለቱ መሐል መንገድ ላይ ተገናኙ። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። የመሬት ማግኔት እጅግ ደካማ ነው። እናንተ ጋ ወደ 48 ማይክሮቴስላ (የማግኔት ብርታት መለኪያ ነው) ቢሆን ነው፣ ፍሪጅ ላይ የምትለጥፏት ማግኔት ከዚያ መቶ እጥፍ ትበልጣለች። በዚህ መስክ ከሞለኪውሉ ጋር የሚገናኘው ጉልበት፣ ሞለኪውሉ ከሙቀት የተነሳ ከሚንቀጠቀጥበት ጉልበት ጋር ሲነጻጸር አንድ ሚሊዮንኛውን እንኳ አይሞላም። ታዲያ እንዴት ይሰማል? ብርሃኑ ነው መልሱ። በቆርቆሮ ጣሪያ አናት ላይ፣ ልክ መገናኛው ላይ ያረፈች የዝናብ ጠብታ ያስቡ። ነፋስ እፍ ቢልባት ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ትንሸራተታለች። ያ ነፋስ ጠብታዋን ከመሬት አንስቶ ጣሪያ ላይ የማውጣት አቅም የለውም፣ ግን ሌላ አውጥቶ ካስቀመጠለት ወዴት እንደምትወርድ ይወስናል። ጠብታዋን ጣሪያ ላይ የሚያወጣት ብርሃን ነው። የመሬት ማግኔት እፍታዋ ብቻ ነው። ጊዜውም አጭር ነው፣ ኤሌክትሮኖቹ የሚታገሱት የሰከንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው፣ ግን ለሥራው ይበቃል።

ይህ ሁሉ ለብዙ ዓመት ቲዎሪ ነበር። በ2021 ግን የሮቢን ክሪፕቶክሮም 4 በቀጥታ ተፈተነ። ጀርመን ኦልደንበርግ ውስጥ ሄንሪክ ሙሪትሰን ቡድን ጋ የምትሠራው ጂንግጂንግ ሹ የሮቢኗን ፕሮቲን በባክቴሪያ ውስጥ አመረተችው። ኦክስፎርድ ያሉት የፒተር ሆር ቡድንና ሌሎችም ለኩት። ፕሮቲኑ ለማግኔት ምላሽ ሰጠ። ከዚያ አራቱን ትሪፕቶፋኖች አንድ በአንድ በሌላ አሚኖ አሲድ እየተኩ ሞከሩት፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ የብድሩ ቅብብልም ተቋረጠ። የዶሮና የርግብ ክሪፕቶክሮም 4ንም አብረው ለኩ። የሮቢኗ ለማግኔት ያለው ስሜት ከሁለቱም የበለጠ ነበር። ዶሮ የትም አትሄድ፣ የርግብም ጉዞ እንደ ሮቢን የወቅት ፍልሰት አይደለም። ከዚያ በፊት በ2018 የወጣ ጥናትም ሮቢን ዓይን ውስጥ ይህ ፕሮቲን በጉዞ ወቅት እንደሚጨምር አሳይቶ ነበር።

ልጅዎ "ወፏ ምን ዓይነት ነገር ነው የምታየው?" ብትልዎ፣ ተመራማሪዎች የሚያስቡት ይህን ነው። ፕሮቲኖቹ በዓይን ጀርባ ባሉ ሴሎች ውስጥ መልክ ይዘው ተደርድረዋል። ዓይን ክብ ስለሆነ እያንዳንዱ ሴል በሌላ ማዕዘን ይዞራል። ስለዚህ ወፏ በምታየው ነገር ላይ ደመቅና ደብዘዝ ያለ ጥላ ተደርቦ ይታያት ይሆናል፣ ራሷን ስታዞር የሚዞር ጥላ። ወፏ ስላልነገረችን ይህን በግምት ነው የምንይዘው።

ያልተጠናቀቀውንም መንገር አለብኝ፣ አለዚያ ግማሹን ብቻ እንደ መንገር ነው። የ2021 ሙከራ የተደረገው በብልቃጥ ውስጥ ነው፣ ያገለገለውም የማግኔት መስክ ከመሬት ብዙ እጥፍ የበረታ ነበር። የተለካው ፕሮቲን ነው፣ የምትበር ወፍ አይደለችም። ለዓመታት ብዙ የተጻፈላት የፍራፍሬ ዝንብም አለች፣ እሷም ክሪፕቶክሮሟን ተጠቅማ ማግኔት ትለያለች ይባል ነበር። በ2023 ግን አንድ ሰፊ ጥናት ሙከራዎቹን በብዙ ዝንብ ደግሞ ምንም አላገኘም። ይህ የወፏን ጉዳይ አያፈርሰውም። ግን ጥንቃቄ ያስተምራል። እኔ በበኩሌ ሐሳቡ ትክክል ነው ባይ ነኝ፣ ያም ሆኖ ይህ ፕሮቲን የጠፋባት ሮቢን ወረቀቷን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስትጭረው ካልታየ ነገሩ አለቀ አልልም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሐይቁ ዳር ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ቢጫ ሆድ ያላቸው፣ ጭራቸውን የሚያወዛውዙ ትናንሽ ወፎች ይመጣሉ። መምህራችን የማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ያልፋል ብሎናል። እዚህ ሲደርሱ ማግኔታቸው ግራ አይገባውም?
ከባቱ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ሳነብ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ጥያቄ ይልቅ እኛን የሚመለከት ነው።

መምህርህ ልክ ነው። የመሬት የማግኔት መስመር ከአግድም ምንም የማያዘነብልበት ቦታ አለ፣ ያ ነው የማግኔት ወገብ። ከካርታው የምድር ወገብ ጋር አንድ አይደለም። በእኛ አገር አዲስ አበባ አጠገብ ያልፋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም አንዱ ትልቅ ምክንያት ከተማዋ ለዚህ መስመር ቅርብ መሆኗ ነው። የማግኔቱ ብርታትም ዝቅተኛ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 36 ማይክሮቴስላ።

እንግዲህ ከላይ ያልኩትን አስታውስ። ወፏ የምትለየው መስመሩ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚሰምጥ ነው። መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነስ? በየትም አይሰምጥም። አንተ ከተማ ላይ የሚያዘነብለው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄህ እውነተኛ ችግር ነው፣ ተመራማሪዎችም ሞክረውታል። በ2016 ኦልደንበርግ ላይ ብላክካፕ የምትባለውን ወፍ ፈተኗት። ወንዱ ጥቁር ቆብ የደፋ ይመስላል፣ በብርዱ ወራት የእኛ ደጋ ዛፎች ውስጥም ይገኛል። መስመሩ 5 ዲግሪ ብቻ ሲያዘነብል ብላክካፖቹ አቅጣጫቸውን አገኙ። አምስት ዲግሪ ማለት እኮ በዓይን ብታየው ጠፍጣፋ ነው የምትለው! ዜሮ ዲግሪ ሲሆን ግን ወረቀቱን በየአቅጣጫው ጫሩት፣ ሙሉ በሙሉ ጠፉ።

ሌላው ችግር ደግሞ ከመስመሩ ማዶ ነው። ወደ ደቡብ የምትጓዝ ወፍ "ወደ ወገብ ሂጂ" የሚል ትእዛዝ ይዛ ከአውሮፓ ተነስታለች እንበል። የማግኔት ወገብን ከተሻገረች በኋላ ያው ትእዛዝ ወደ ኋላ ይመልሳታል። ቪልችኮዎቹ በ1992 ይህን በጋርደን ዋርብለር ላይ ሞከሩት። በአገራችን እያለፈች ወደ ደቡብ የምትዘልቅ ወፍ ናት። ጠፍጣፋ መስክ ውስጥ ጥቂት ጊዜ አቆይተው ወደ ነበረችበት ዓይነት መስክ ሲመልሷት አቅጣጫዋን ገልብጣ ተገኘች። ጠፍጣፋው መስክ ራሱ "ተሻግረሻል፣ ከእንግዲህ ወደ ዋልታ ሂጂ" የሚል ምልክት ሆነላት ማለት ነው።

በመሐል፣ ኮምፓሱ በማይሠራበት ቦታስ? ወፎች በአንድ ነገር ብቻ አይተማመኑም። ኮከብ አለ፣ የፀሐይ መጥለቂያ አለ። ያ የወረቀቱን ዕቃ የሠራው ኤምለን ጫጩቶች ሰማዩ የሚዞርበትን ማዕከል እያዩ ሰሜንን እንደሚማሩ አሳይቷል። የሰሜን ኮከብ እናንተ ጋ ከአድማስ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ክንድህን ዘርግተህ ጡጫህን አድማስ ላይ አስቀምጥ፣ ከጡጫህ አናት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ጥርት ባለ የኅዳር ሌሊት ወደ ሰሜን ዞረህ ፈልጋት፣ አቧራና ተራራ ካልጋረዳት ታገኛታለህ።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን የሞባይል ታወር ከተተከለ ወዲህ ወፍ ቀንሷል። ድሮ ጠዋት የሚቀሰቅሰን የወፍ ድምፅ ነበር። ታወሩ ማግኔታቸውን አበላሽቶባቸው ይሆን?
ጡረተኛ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ከባዶ የመጣ አይደለም። የሰው ልጅ የሚለቀው ሞገድ የወፍ ኮምፓስ እንደሚያበላሽ በእርግጥ ታይቷል። የትኛው ሞገድ የሚለው ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብን።

የኦልደንበርጉ ሙሪትሰን ቡድን ሮቢኖቹን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በእንጨት ቤቶች ውስጥ ይፈትን ነበር። ወፎቹ ግን ለዓመታት እምቢ አሉ። ፍራንክፈርት ላይ የሠራው ሙከራ እዚያ አልሠራ አለ። ምግብ ቀየሩ፣ መብራት ቀየሩ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ከቡድኑ አንዱ ቤቶቹን በአሉሚኒየም እንልበጣቸው አለ። ለበጧቸው፣ አሉሚኒየሙንም በሽቦ ከመሬት ጋር አያያዙት። ወፎቹ ያን ጊዜ አቅጣጫቸውን አገኙ! ሽቦውን ሲያላቅቁት ጠፉ፣ ሲያያይዙት ተመለሱ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የቱ እንደተያያዘ ሳያውቁ ደጋግመው ሠሩት፣ ውጤቱ ያው ሆነ። በ2014 ታተመ። ከከተማው ወጣ ብለው ገጠር ሲወስዷቸው ደግሞ ያለ አሉሚኒየምም አቅጣጫ ያዙ።

በዚያ ሙከራ የረበሻቸው ሞገድ ከ50 ኪሎኸርዝ እስከ 5 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። ድሮ በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ስናዳምጥ የነበረው እዚህ ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃዎችም በዚህ ክልል ጫጫታ ይለቃሉ። ጉልበቱ ከመሬት ማግኔት ብዙ ሺህ ጊዜ ያነሰ ነው፣ ግን ያን የኤሌክትሮኖች መገላበጥ ይረብሸዋል። የብረት መርፌ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሞገድ ምንም አያደርገውም ነበር። ስለዚህ ይህ ሙከራ ለሞለኪውሉ ሐሳብም ትልቅ ድጋፍ ሆኗል።

አሁን ወደ ታወሩ። ሐሳቡ ትክክል ከሆነ የሚረብሸው ሞገድ ጣሪያ ሊኖረው ይገባል፣ ከዚያ በላይ የፈጠነ ሞገድ ኤሌክትሮኖቹን አይነካም። ሒሳቡ ጣሪያውን 116 ሜጋኸርዝ ገደማ ላይ ያስቀምጠዋል። ብላክካፖች ላይ ሲሞከር ከ75 እስከ 85 ሜጋኸርዝ ያለው ረበሻቸው፣ ከ140 እስከ 150 ያለውና ከ235 እስከ 245 ያለው አልረበሻቸውም። ልክ ሒሳቡ እንዳለው። የሞባይል ኔትዎርክ በአብዛኛው የሚሠራው ከ600 ሜጋኸርዝ በላይ ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ ታወሩ በዚህ መንገድ የወፍ ኮምፓስ ያበላሻል ለማለት አልችልም።

ጠዋት የሚቀሰቅሱዎት ወፎች ደግሞ አብዛኞቹ እዚሁ የሚኖሩ እንጂ ስደተኞች አይደሉም፣ አቅጣጫ ቢጠፋባቸውም አይሰደዱም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማየው ዛፉን ነው። ታወሩ ሲተከል፣ መንገዱ ሲሰፋ፣ ግቢው በንጣፍ ሲሸፈን የተቆረጠ ዛፍ የለም? ጎጆ የሚሠሩበት ቁጥቋጦስ? ለትልልቆቹ፣ ለሽመላና ለንስር ደግሞ ከዋና ዋናዎቹ ገዳዮች አንዱ የኤሌክትሪክ መስመር ነው፣ ክንፋቸው ሁለት ሽቦ ሲነካ ያልቃሉ። ይህን የማነሳው ነገሩን ለማድበስበስ አይደለም፣ ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ሳለ ታወሩን ስንከስ ዛፉ እንዳይረሳ ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። እኛ ስንማር ወፎች ማግኔት የሚለዩት ምንቃራቸው ውስጥ ባለ ብረት ነው ተብለን ነበር። ተማሪዎቼን ምን ልበላቸው?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ መምህር፣ የምንቃሩ ብረት ነገር በ2012 ትልቅ ምት ደርሶበታል። ቪየና ውስጥ የዴቪድ ኪይስ ቡድን የርግቦችን ምንቃር ስስ ስስ አድርጎ ቆርጦ ተመለከተ። ብረት ያለባቸው ሴሎች አሉ፣ ግን ነርቭ አይደሉም። ማክሮፌጅ ናቸው፣ ያረጀ ደም እየበሉ ብረቱን የሚያጠራቅሙ የመከላከያ ሴሎች።

ምንቃሩ ግን ሙሉ በሙሉ ከጨዋታ አልወጣም። ከዚያ አካባቢ የሚነሳው ነርቭ የማግኔት መረጃ እንደሚያስተላልፍ የሚያሳዩ ሙከራዎች አሉ። ልዩነቱን እንዲህ ብለው ቢያስረዷቸው ይጠቅማል፤ "ወዴት ልሂድ" የሚለው ኮምፓስ ነው፣ "የት ነው ያለሁት" የሚለው ካርታ ነው። በ2009 ሮቢኖች ላይ ያ ነርቭ ተቆርጦ ኮምፓሳቸው ሠራ። ከዓይን መረጃ የሚቀበለው፣ ክላስተር ኤን የሚባለው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ግን የማግኔት ኮምፓሳቸው ጠፋ፣ በፀሐይና በኮከብ መመራት ግን ቀጠሉ። እኔ ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሙከራ አላውቅም።

አንድ ጭማሪ። በቀቀኖችና ሃሚንግበርዶች የክሪፕቶክሮም 4 ጂናቸውን ከናካቴው አጥተዋል። ከሃሚንግበርዶች ውስጥ ደግሞ ረጅም መንገድ የሚጓዙ አሉ። በምን እንደሚመሩ ተማሪዎችዎ ይከራከሩበት።

ጥያቄ፦ ሰውስ? እኛ ዓይን ውስጥ ይህ ነገር የለም?
ከደሴ

መልስ፦ ክሪፕቶክሮም አለን። ሁለት ዓይነት ነው፣ ዋና ሥራቸውም መቼ እንደምንተኛና መቼ እንደምንነቃ የሚወስነውን የሰውነት ሰዓት መጠበቅ ነው። ክሪፕቶክሮም 4 ግን የለንም። በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ጨለማ ክፍል ውስጥ የማግኔት መስክ ሲዞር የአንዳንድ ሰዎች የአንጎል ሞገድ እንደሚቀየር አሳይቷል፣ ሰዎቹ ራሳቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም። መንገድ በማግኔት የሚያገኝ ሰው የለም።

ኤፍኤዲ ግን በየሴላችን ሞልቷል። የሚሠራው ከቫይታሚን ቢ2 ነው፣ ቫይታሚኑን ደግሞ እኛም ወፏም በራሳችን መሥራት አንችልም፣ ከምንበላው ነው የምናገኘው። እርስዎ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከጉበት። ሮቢኗ ከመነሳቷ በፊት በነበሩት ቀናት ከለቃቀመቻቸው ትሎችና ጥንዚዛዎች።